የፎቶ ስላይድ ሾው ሶፍትዌር

የፎቶ ስላይድ ሾው ሶፍትዌር ፎቶግራፎችን በቅደም ተከተል አሰልፎ፣ በሙዚቃ፣ በጽሑፍና በመሸጋገሪያ አጅቦ በቴሌቪዥን ወይም በሌላ ስክሪን ላይ እንዲታዩ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ወይም የስልክ ፕሮግራም ነው። በሠርግ፣ በልደት፣ በምርቃትና በሙት ዓመት መታሰቢያ ላይ የሚታዩ የቤተሰብ ፎቶዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰናዱት በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሞቹ ብዙ ስለሆኑ ምርጫው አስቸጋሪ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሥራው የሚታይበት ቴሌቪዥን የትኛውን ዓይነት ፋይል ወይም ዲስክ ያነባል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ ከዓመታት በኋላ ከገበያ ቢጠፋ ፎቶዎቹና የተሠራው ሥራ ምን ይሆናሉ የሚለው ነው። የመሸጋገሪያዎች ብዛትና የጌጣጌጡ ዓይነት ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

«ስላይድ» የሚለው ስም የመጣው ከፊልም ዘመን ነው። ስላይድ በትንሽ የካርቶን ወይም የፕላስቲክ ክፈፍ ውስጥ የገባ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፊልም ነበር። በፕሮጀክተር መብራት ፊት ሲቆም ምስሉ ግድግዳ ወይም ነጭ ጨርቅ ላይ ጎልቶ ይወጣል። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው «ካሩሰል» የተባለ ፕሮጀክተር 80 ስላይዶች የሚይዝ ክብ መደርደሪያ ስለነበረው ፎቶዎችን በተከታታይ ማሳየትን ቀላል አደረገው። ኮዳክ የስላይድ ፕሮጀክተር ማምረት ያቆመው በ2004 ነው።

ፎቶን በቴሌቪዥን የማሳየት ሐሳብም ቀደም ብሎ ተሞክሯል። ኮዳክ በ1992 «ፎቶ ሲዲ» የተባለ ዲስክ ለገበያ አቀረበ። አንዱ ዲስክ 100 ያህል ፎቶዎች ይይዝ ነበር፤ በልዩ ማጫወቻ አማካይነትም ፎቶዎቹ በቤት ቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። ዲስኩ የሚጠቀምበት የፋይል ዓይነት የኩባንያው የግል ንብረት ስለነበር፣ ምርቱ ሲቋረጥ ፋይሎቹን የሚከፍቱ ፕሮግራሞች እየቀነሱ ሄዱ። ፎቶ ሲዲ ዛሬ የሚጠቀሰው ጥሩ ጥራት ያለው ሥራ እንኳ በተዘጋ የፋይል ዓይነት ከተቀመጠ ለባለቤቱ ሊርቅ እንደሚችል በማሳያነት ነው።

በ1993 ቪሲዲ፣ በ1996 ደግሞ በመጀመሪያ በጃፓን ዲቪዲ ወጡ። ቪሲዲ በኢትዮጵያ የዘፈንና የፊልም ማሰራጫ ሆኖ በሰፊው ስላገለገለ ብዙ ቤተሰቦች የሠርግ ሥራቸውን በቪሲዲ ተቀብለዋል። በኮምፒውተር በኩል ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ ሙቪ ሜከር»ን በ2000፣ አፕል ደግሞ ዲቪዲ የሚያዘጋጀውን «አይዲቪዲ»ን በ2001 አወጡ። ማይክሮሶፍት በ2004 ለፎቶ ብቻ የታሰበውን «ፎቶ ስቶሪ 3»ን በነጻ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኖች ራሳቸው ፍላሽ የሚሰካባቸው ሆኑ፤ በዚህም ምክንያት ዲስክ ብቸኛው መንገድ መሆኑ ቀረ።

ፎቶን ቀስ ብሎ የማቅረብና ከዳር ወደ ዳር የማንቀሳቀስ ስልት «የኬን በርንስ ስልት» ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1990 ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባሳየው ተከታታይ ጥናታዊ ፊልም የቆዩ ፎቶዎችን በዚህ መንገድ ከተጠቀመው አሜሪካዊው የፊልም ሠሪ ኬን በርንስ ነው። ስልቱ ግን ከእሱ በፊትም ነበር፤ ለምሳሌ የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ በ1957 ባወጣው «ሲቲ ኦፍ ጎልድ» በተባለ ጥናታዊ ፊልም ይታያል። አፕል በ2003 በወጣው «አይሙቪ 3» ስልቱን በበርንስ ስም አስገባው።

ወደ ቴሌቪዥን የሚያደርሱ መንገዶች

ፎቶዎች ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን የሚደርሱት በአራት መንገዶች ነው። እያንዳንዱ መንገድ የሚፈልገው ሶፍትዌር ይለያያል።

1. ፎቶዎቹን እንዳሉ በፍላሽ መስጠት። አብዛኞቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖችና ብዙ የሳተላይት ሪሲቨሮች የጄፔግ ፎቶዎችን ከፍላሽ አንብበው ራሳቸው በተከታታይ ያሳያሉ። ይህ መንገድ ምንም የስላይድ ሾው ሶፍትዌር አይፈልግም። ተመልካቹ በሪሞት ማቆምና ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። ጉድለቱ ሙዚቃውን ከፎቶው ጋር ማስማማትና ጽሑፍ መጨመር አለመቻሉ ነው።

2. ቪዲዮ ፋይል ማዘጋጀት። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን፣ ሙዚቃውንና ጽሑፉን አንድ ላይ አዋሕዶ እንደ ፊልም ያወጣቸዋል። ፋይሉ በፍላሽ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ሊተላለፍ ይችላል።

3. ዲቪዲ ማቃጠል። ፍላሽ የማያነብ አሮጌ ቴሌቪዥን ላላቸውና የዲቪዲ ማጫወቻ ለለመዱ ሰዎች አሁንም ያገለግላል። ማውጫ ያለው ዲስክ ስለሆነ ተመልካቹ ምዕራፍ እየመረጠ ማየት ይችላል።

4. ኮምፒውተርን ወይም ስልክን በቀጥታ ማገናኘት። በኤችዲኤምአይ ገመድ ወይም በገመድ አልባ መንገድ ስልኩ ላይ ያለው ምስል ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። በ2013 የወጣው የጉግል «ክሮምካስት» የዚህ መንገድ አንዱ መሣሪያ ነው። ፎቶዎቹ ኢንተርኔት ላይ ከተቀመጡ ግን ትዕይንቱ በዳታና በኔትወርክ ላይ ጥገኛ ይሆናል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ በፍላሽ የተቀመጠ ፋይል የበለጠ አስተማማኝ ነው።

የምስል ጥራት

የመንገዱ ምርጫ በቀጥታ የምስሉን ጥራት ይነካል። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚደርሱት እንደየመንገዱ ይለያያሉ፦

- ቪሲዲ በኢትዮጵያ በሚሠራበት በፓል ስርዓት ቪዲዮውን የሚይዘው በ352 በ288 ፒክስል ነው። ይህም 100 ሺህ ገደማ ነጥብ ነው።
- ዲቪዲ በፓል ስርዓት 720 በ576 ፒክስል ይይዛል። ይህም 415 ሺህ ገደማ ነጥብ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ፎቶ 29 ነጥቦች አንዱ ብቻ ይቀራል ማለት ነው።
- ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ይህም 2 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከፎቶው አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው።
- ፎርኬ 3840 በ2160 ፒክስል፣ ማለትም 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ነው።

ስለዚህ ከዲቪዲ የሚታይ ፎቶ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ የሚደበዝዘው ፕሮግራሙ መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ዲስኩ ከዚያ በላይ መያዝ አይችልም። ውድ ፕሮግራም መግዛትም ይህን አይለውጠውም። የጠራ ምስል የሚፈለግ ከሆነ ቪዲዮ ፋይል ወይም ፎቶዎቹን እንዳሉ በፍላሽ መስጠት ይሻላል።

ፎቶውን አቅርቦ የማሳየት ስልት ተጨማሪ ነጥቦች ይፈልጋል። ስፋቱ 4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በሙሉ ኤችዲ ላይ ጥራቱ ሳይጎድል እስከ ሁለት እጥፍ ሊቀርብ ይችላል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ግን በተለመደው መንገድ የሚላክ ፎቶን ያሳንሱታል። ከዘመድ አዝማድ ፎቶ ለሚሰበስብ ሰው ላኪዎቹ ፎቶውን እንደ ፋይል እንዲልኩት ማሳሰብ ጠቃሚ ነው፤ እንደ ፋይል የተላከ ፎቶ ሳይነካ ይደርሳል።

የምስል ቅርጽ

የዘመኑ ቴሌቪዥኖች የጎንና የቁመት ምጥጥን 16 ለ 9 ነው። የስልክ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 4 ለ 3፣ የፎቶ ባለሙያዎች ካሜራ ደግሞ 3 ለ 2 ነው። በሙሉ ኤችዲ ስክሪን ላይ 4 ለ 3 የሆነ ፎቶ ሳይቆረጥ ሲቀመጥ 1440 ፒክስል ስፋት ይይዛል፤ በግራና በቀኝ 240 ፒክስል ጥቁር ቦታ ይቀራል። በቁመቱ የተነሳ የስልክ ፎቶ ደግሞ ከስክሪኑ ስፋት 42 በመቶ ብቻ ይሞላል።

ፕሮግራሞች ይህን ክፍተት በሦስት መንገድ ይይዙታል። አንዳንዶቹ ጥቁር ይተዉታል፤ አንዳንዶቹ ፎቶውን ቆርጠው ስክሪኑን ይሞላሉ፤ ሌሎቹ የራሱን የፎቶውን ብዥታ ከጀርባ ያነጥፋሉ። በራሱ የሚቆርጥ ፕሮግራም በቡድን ፎቶ ላይ ከላይ የቆሙትን ሰዎች ጭንቅላት ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም የሚባለው አቆራረጡን ለእያንዳንዱ ፎቶ ለየብቻ መወሰን የሚያስችለው ነው። አሮጌ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ጠርዝ ራሳቸው ስለሚሸፍኑም ጽሑፍ ከጠርዙ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ርዝመትና ሙዚቃ

አንድ ፎቶ ለ5 ሴኮንድ ቢታይ የ4 ደቂቃ ዘፈን 48 ፎቶዎችን ያስተናግዳል። 300 ፎቶዎች 25 ደቂቃ፣ 1000 ፎቶዎች ደግሞ ከ83 ደቂቃ በላይ ይወስዳሉ። ከሠርግ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች በእጅ ስለሚኖሩ፣ መምረጥ ከሶፍትዌሩ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው። ብዙ ሰው ያለበት የቡድን ፎቶ ከአንድ ሰው ፎቶ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ተመልካቹ እያንዳንዱን ፊት መፈለጉ አይቀርም። የእያንዳንዱን ፎቶ ቆይታ ለየብቻ የማያስቀይር ፕሮግራም ለዚህ አይመችም።

ሙዚቃ የባለመብት ጉዳይ አለው። በኢትዮጵያ የዘፈን ደራሲዎች፣ ድምፃውያንና አሳታሚዎች መብት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሲሆን፣ አዋጁ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሥራው በዩትዩብ ሲጫን ደግሞ ድረ ገጹ የዘፈኑን ድምፅ በራሱ ለይቶ ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም የማስታወቂያ ገቢውን ለባለመብቱ ሊያስተላልፍ ይችላል።

የአማርኛ ጽሑፍ

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩኒኮድን የማይደግፉ የቆዩ ፕሮግራሞች በአማርኛ የተጻፈውን ርዕስ በባዶ ሳጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተኩታል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመምረጥ በፊት አንድ የአማርኛ መስመር ጽፎ መሞከር ይገባል። «ኒያላ»፣ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የግዕዝ ፊደል ካላቸው የፊደል ቅርጾች መካከል ናቸው።

በቪዲዮው ውስጥ የተዋሐደ ጽሑፍ የምስሉ አካል ስለሚሆን ቴሌቪዥኑ ፊደሉን ማወቅ አያስፈልገውም። የፋይል ስም ግን ከዚህ ይለያል። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በአንዳንድ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች ዝርዝር ላይ በሳጥን ይታያል፤ አንዳንዴም አይከፈትም። የፋይሉን ስም በቁጥር ማድረግ ችግሩን ያስቀራል።

ቴሌቪዥኑ የሚያነበው ፋይል

ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚያነቡት የቪዲዮ ፋይል ኤምፒፎር ሲሆን፣ በውስጡ ምስሉ ኤች 264 በተባለው፣ ድምፁ ደግሞ ኤኤሲ በተባለው መንገድ የታመቀ ነው። ኤች 264 በ2003 የወጣ መስፈርት ነው። የእሱ ተከታይ የሆነው ኤች 265 በ2013 ወጣ፤ ፋይሉን ያሳንሳል፣ ነገር ግን አሮጌ ቴሌቪዥኖች አያነቡትም። እንደ ፎቶ ስቶሪ 3 ያሉ የቆዩ የማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች የሚያወጡትን ደብሊው ኤም ቪ ፋይል ሁሉም ቴሌቪዥን አይከፍተውም። እንደ «ፒክቸርስ ቱ ኤግዜ» ያሉ ፕሮግራሞች የሚያወጡት የዊንዶውስ ማስፈጸሚያ ፋይል ደግሞ በኮምፒውተር ላይ እንጂ በቴሌቪዥን ላይ አይሠራም፤ ለቴሌቪዥን ሲሆን ከዚሁ ፕሮግራም ቪዲዮ ማውጣት ያስፈልጋል።

ፍላሹም የራሱ ገደብ አለው። ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች የሚያነቡት ፋት 32 በተባለው አደረጃጀት የተሰናዳ ፍላሽ ነው፤ በዚህ አደረጃጀት ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። በሴኮንድ 8 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ ይህን ገደብ የሚነካው ወደ 70 ደቂቃ ገደማ ሲደርስ ነው። ረጅም ሥራ በሁለትና በሦስት ፋይል ቢከፈል ችግር አይኖረውም።

ፎቶዎችን እንዳሉ በፍላሽ ለሚያሳይ ሰው ሦስት ነገሮች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ ከ2017 ጀምሮ ብዙ አይፎኖች ፎቶን ሄይክ በተባለ የፋይል ዓይነት ስለሚያስቀምጡ ወደ ጄፔግ መለወጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፎቶዎችን የሚደረድሩት በፋይላቸው ስም ስለሆነ ስሞቹ 001፣ 002፣ 003 እያሉ ቢጀምሩ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል፤ 1፣ 2፣ 3 ብቻ ከሆኑ 10ኛው ፎቶ ከ2ኛው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ በቁመት የተነሳ ፎቶ በአንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ ተጋድሞ ስለሚታይ አስቀድሞ አሽከርክሮ ማስቀመጥ ይገባል።

ዲቪዲና የአገሮች ልዩነት

ዲቪዲ የሚቃጠለው በፓል ወይም በኤንቲኤስሲ ስርዓት ነው። ፓል በሴኮንድ 25 ምስል፣ ኤንቲኤስሲ ደግሞ 30 ገደማ ምስል ያሳያል። ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ፓልን ሲጠቀሙ አሜሪካና ካናዳ ኤንቲኤስሲን ይጠቀማሉ። በፓል አገሮች የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ሁለቱንም ያነባሉ፤ በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች ግን ፓልን አያነቡም። በዚህም የተነሳ አዲስ አበባ የተቃጠለ የሠርግ ዲቪዲ አሜሪካ ባለ ዘመድ ቤት ላይከፈት ይችላል። ዲስኩን የሚያቃጥለው ሰው ከመጀመሪያው ኤንቲኤስሲን ቢመርጥ ወይም ሥራውን በኤምፒፎር ቢልክ ይህ አይገጥምም። የፊልም ኩባንያዎች በዲቪዲ ላይ የሚያደርጉት የአካባቢ ቁልፍ በቤት በተቃጠሉ ዲስኮች ላይ የለም።

የፕሮግራም ዓይነቶች

- ራሳቸው የሚያቀናብሩ። «ጉግል ፎቶስ» እና የአፕል «ፎቶስ» ከተመረጡ ፎቶዎች በጥቂት ንክኪ ትዕይንት ይሠራሉ። ፈጣኖች ናቸው፤ ለዝርዝር ማስተካከያ ግን ቦታቸው ጠባብ ነው።
- የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች። «አይሙቪ» በአፕል መሣሪያዎች ላይ በነጻ ይሠራል። «ኦፕንሾት»፣ «ሾትካት» እና «ኬደንላይቭ» የምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። «ዳቪንቺ ሪዞልቭ» ነጻ እትም አለው፤ ነገር ግን ጠንካራ ኮምፒውተር ይፈልጋል።
- የቢሮ ፕሮግራሞች። የማይክሮሶፍት «ፓወርፖይንት» ከ2010 እትሙ ጀምሮ ሥራውን በቪዲዮ ያወጣል። ፓወርፖይንትን በትምህርት ቤት ለለመደ ተማሪ ይህ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።
- የዲስክ ማዘጋጃዎች። «ዲቪዲስታይለር» ማውጫ ያለው ዲቪዲ በነጻ ይሠራል።
- ለስላይድ ሾው ብቻ የተሠሩ። ብዙ መሸጋገሪያና ዝግጁ ቅርጽ አላቸው፤ አብዛኞቹ በክፍያ ናቸው። የአንዳንዶቹ የሙከራ እትም በሥራው ላይ የኩባንያውን ምልክት ያትማል። ስለዚህ ሙሉውን ሥራ ከመጀመር በፊት አጭር ናሙና አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሥራውን ማቆየት

የስላይድ ሾው ሶፍትዌር ዕድሜ ከፎቶዎቹ ዕድሜ ያጥራል። አይዲቪዲ ከ2011 በኋላ ከአዳዲስ የአፕል ኮምፒውተሮች ጋር መምጣቱ ቀረ። በዊንዶውስ ቪስታና 7 ውስጥ የነበረው «ዊንዶውስ ዲቪዲ ሜከር» በዊንዶውስ 8 ውስጥ አልተካተተም። ማይክሮሶፍት ለሙቪ ሜከር የሚሰጠውን ድጋፍ በጥር 2017 አቆመ። በፎቶ ባለሙያዎች ዘንድ ታዋቂ የነበረውን «ፕሮሾው»ን የሚሠራው ኩባንያ ደግሞ በ2020 ተዘጋ።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የፕሮጀክት ፋይል ነው። ተጠቃሚው ሥራውን «ሴቭ» ሲያደርግ በብዙ ፕሮግራሞች የሚቀመጠው ፎቶዎቹ የት እንዳሉና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታዩ የሚናገር ትንሽ መዝገብ እንጂ ፎቶዎቹ ራሳቸው አይደሉም። የፎቶዎቹ ፎልደር ሲዛወር ወይም ሲጠፋ ፕሮጀክቱ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ፕሮግራሙ ከጠፋ ደግሞ ፋይሉ ጨርሶ አይከፈትም።

የወጣው ቪዲዮም የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች አይተካም። ዲቪዲ ብቻ የቀረለት ቤተሰብ የአያቱን ፎቶ በወረቀት አሳትሞ ግድግዳ ላይ መስቀል ቢፈልግ፣ ከዲስኩ የሚያገኘው 415 ሺህ ገደማ ነጥብ ያለው ምስል ነው፤ ያም ጽሑፍና መሸጋገሪያ ያረፈበት ሊሆን ይችላል። በቤት የሚቃጠሉ ዲስኮች በፀሐይና በሙቀት ይጎዳሉ፤ ፍላሽም ሊበላሽ ወይም ሊጠፋ ይችላል።

በዚህም ምክንያት ከአንድ ሥራ ሦስት ነገሮች ለየብቻ ይቀመጣሉ፦ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሳይነኩ፣ የፕሮጀክቱ ፋይል ከሚጠቀምባቸው ፎቶዎችና ሙዚቃ ጋር በአንድ ፎልደር፣ እንዲሁም የወጣው ቪዲዮ። ከሦስቱ የማይተኩት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ስለሆኑ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በኮምፒውተርና በሌላ ዘመድ ቤት በሚገኝ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ቢቀመጡ ይመረጣል። ሠርግ የሚያነሳ ፎቶ ቤት ሥራውን ሲያስረክብ ከተቀናበረው ትዕይንት ጋር ፎቶዎቹንም በሙሉ ጥራታቸው እንዲሰጥ አስቀድሞ መስማማት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።